ምስል በአየር እንዴት ይጓዛል?

(ስለ አሠራር የሚገልጥ ድርሰት፤ ምንባብ፣ ሰዋስውና መልመጃ)

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር በሆነበት ቅደም ተከተል ያወራል፤ ሥዕላዊ ድርሰት በዐይን የታየውን በቃላት ያሳያል። አሁን የምንማረው ሦስተኛው ዐይነት ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጠው ድርሰት ነው። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ወይም ጋቢ እንዴት እንደሚሸመን መግለጥ እምብዛም አያስቸግርም፤ ጌሾውና ብቅሉ፣ ድሩና ማጉ በዐይን ይታያሉና። የማይታይ ነገር አሠራር ሲሆንስ? አንባቢው ሊያየውም ሊዳስሰውም የማይችለውን ነገር በቃል ብቻ እንዲጨብጠው ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ ሁለት ጊዜ አንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ስለ ቴሌቪዥን አሠራር ለማወቅ ሞክሩ። በሁለተኛው ንባብ ደግሞ የማይታየው ነገር በምን በምን ዘዴ እንደ ተገለጠላችሁ መርምሩ።

ምንባብ

ሰው ሲናገር ድምፁ አየሩን ይገፋል። በአንድ ቦታ ላይ የሚደርሰው ግፊት በአንድ ቅጽበት አንድ ብቻ ነው። ማይክሮፎን ይህን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ግፊቱ ሲበረታ ኤሌክትሪኩ ይበረታል፣ ግፊቱ ሲደክም ኤሌክትሪኩም ይደክማል። ስለዚህ ድምፅን በአንድ ሽቦ ወይም በአንድ የራዲዮ ሞገድ መላክ ይቻላል። ምስል ግን እንደዚህ አይደለም። ይህን ገጽ ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ያለው ጥቁርና ነጭ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ገጹን በጣም ትንንሽ ወደ ሆኑ ነጥቦች ብንከፍለውና እያንዳንዱን ነጥብ በየራሱ ሽቦ እንላክ ብንል በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሽቦ ያስፈልገናል። መንገዱ አንድ፣ መንገደኛው ግን እልፍ ነው። የቴሌቪዥን ጥበብ መነሻ ይህ ችግር ነው።

መፍትሔው በአንድ ጊዜ የሚታየውን ነገር በየተራ መላክ ነው። የቃል ጽሕፈት ስትጽፉ የምታደርጉትን አስቡ። አስተማሪው በእጃቸው የያዙት ገጽ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ገጹን በአንድ ትንፋሽ ሊነግሯችሁ አይችሉም። ቃል በቃል፣ መስመር በመስመር ያነቡታል፤ እናንተም የሰማችሁትን በየመስመሩ ታሰፍራላችሁ። በመጨረሻ በደብተራችሁ ላይ ያው ገጽ ተመልሶ ይገኛል። ጳውል ኒፕኮ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ይህን አሳብ በመሣሪያ መልክ አቀረበው። መሣሪያው በዙሪያው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠመዘዘ መስመር የተበሳ ክብ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቀዳዳ በምስሉ ላይ አንድ መስመር እየጠረገ ያልፋል። ጆን ሎጊ ቤርድ የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በጥር 1926 ለንደን ላይ ለተጋበዙ ሊቃውንት ያሳየው ቴሌቪዥን በዚሁ ሰሌዳ የሚሠራና 30 መስመር ብቻ የነበረው ነው። በ30 መስመር የሰው ፊት ይለያል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን እምብዛም አይታይም። ሰሌዳው ደግሞ የቱንም ያህል ቢፈጥን ብረት ብረት ነው።

በዚሁ ዘመን በአሜሪካ፣ አይዳሆ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ፋይሎ ፋርንስዎርዝ የተባለ የገበሬ ልጅ ነበር። እንደሚነገረው ብላቴናው በ14 ዓመቱ እርሻ ሲያርስ ወደ ኋላው ዘወር ብሎ የታረሰውን መሬት ተመለከተ። እርሻው ትልም በትልም ተሰምሮ ነበር። ምስልንም በዚህ ዐይነት መስመር በመስመር «ማረስ» እንደሚቻል፣ ለዚህም የሚያገለግለው ብረት ሳይሆን ክብደቱ እጅግ ኢምንት የሆነው ኤሌክትሮን መሆኑን አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1922 አሳቡን ለኬሚስትሪ አስተማሪው ለጀስቲን ቶልማን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረዳቸው። ይህ ማስረዳት ኋላ ከባድ ጉዳይ ሆነ። ፋርንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1927 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በኤሌክትሮን ብቻ የሚሠራ ቴሌቪዥን ሠርቶ አንዲት ቀጥተኛ መስመር ካስተላለፈ በኋላ፣ አር.ሲ.ኤ. የተባለው ታላቅ የራዲዮ ኩባንያ የፈጠራው ቅድሚያ የእኔ መሐንዲስ ነው ብሎ ተከራከረው። በክርክሩ ላይ ቶልማን ቀርበው ተማሪያቸው ከብዙ ዓመት በፊት በሰሌዳ ላይ የሣለላቸውን መሰከሩ። የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤቱም ቅድሚያውን ለፋርንስዎርዝ ፈረደ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1939 ለፈጠራው ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። አንድ ተማሪ በሚገባ አስረዳ፤ አንድ አስተማሪ በሚገባ አዳመጡ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ነገሩ ከአእምሯቸው አልጠፋም።

አሁን ወደ ትልሙ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ሲሠራበት የኖረው፣ በአብዛኛው የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮችም የተሠራበት ሥርዐት ምስሉን በ625 መስመሮች ይከፍለዋል። በአንድ ሴኮንድ 25 ሙሉ ምስሎች ይላካሉ። 625ን በ25 ብታባዙ 15,625 ታገኛላችሁ። እንግዲህ በአንድ ሴኮንድ ይህን ያህል መስመር ይነበባል፤ ለአንዱ መስመር የሚደርሰው ጊዜ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ 64 ብቻ ነው። ከ64ቱ 52ቱ ለምስሉ ይውላል፤ የቀረው 12 ከአንዱ መስመር መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ለመመለስ ነው። የትልም ምሳሌ እዚህ ላይ ያበቃል። ገበሬ ትልሙን ከዳር አድርሶ በሬዎቹን ይመልስና ሲመለስም ያርሳል። የኤሌክትሮኑ ጨረር ግን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ «ያርሳል»፤ ሲመለስ ባዶውን ይመለሳል። በዚህ ረገድ ከገበሬው ይልቅ የሚመስለው ደብተሩ ላይ የሚጽፈውን ተማሪ ነው።

በሴኮንድ 25 ምስል ለዐይን ይበቃልን? እንቅስቃሴው የተቋረጠ እንዳይመስል ይበቃል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ሲጠፋና ሲበራ ዐይን ይሰማዋል፣ ይታክታል። በሲኒማ ቤት በሴኮንድ 24 ሥዕሎች ሲታዩ እያንዳንዱ ሥዕል በብርሃን መዝጊያው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ያገኙት ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው። ጨረሩ መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መስመር እያለ እስከ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ላይ ተመልሶ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን ይሞላል። ስለዚህ ዐይን በሴኮንድ 50 ጊዜ ብርሃን ያገኛል፤ የሚላከው ግን ያው 25 ሙሉ ምስል ነው። የመስመሮቹ ቁጥር ጎደሎ የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። 625 ለሁለት ሲካፈል 312 ተኩል ይሆናል፤ ይህች ግማሽ መስመር ናት ሁለተኛው ዙር በፊተኛው ላይ እንዳይደረብ፣ ይልቁንም በመካከሉ እንዲገባ የምታደርገው። 50 የሚለውም ቁጥር የተመረጠው የመብራት ኀይሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ነው። በአሜሪካ መብራቱ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ የምስሉም ቁጥር 60 ግማሽ ወይም 30 ሙሉ፣ መስመሩም 525 ሆነ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይመጣል። በአዲስ አበባ ስቱዲዮ ያለው ካሜራ 214ኛውን መስመር ሲያነብ፣ በናዝሬት ወይም በደብረ ብርሃን ያለው መቀበያ 214ኛውን እንጂ 215ኛውን እንዳይጽፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ካሜራውና መቀበያው አይተያዩም። ቅንጣት ታህል ቢዛነፉ የሰውየው አገጭ ከግንባሩ በላይ ይታያል። የቃል ጽሕፈት ምሳሌያችን እዚህ ይረዳናል። አስተማሪው በሚያነቡበት ጊዜ «አራት ነጥብ»፣ «አዲስ መስመር»፣ «አዲስ ገጽ» ይላሉ። እነዚህ ቃላት ይሰማሉ፤ በደብተር ላይ ግን አይጻፉም፤ ትእዛዝ ናቸውና። በቴሌቪዥንም በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ «አዲስ መስመር»፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ምስል መጨረሻ «አዲስ ገጽ» የሚል ምልክት ይላካል። ምልክቱ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቆይ ብርቱ ምት ነው፤ የመስመሩ ምት የሚቆየው ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ አምስት እንኳ ሳይሞላ ነው። ይህ ምት ምስሉን እንዳያበላሽ ከጥቁር በታች የሆነ ደረጃ ተሰጠው። ከጥቁር የባሰ ጥቁር በመስተዋቱ ላይ አይታይም፤ መቀበያው ግን ያውቀዋል። የመስመሩ ትእዛዝ ሲጠፋ ምስሉ በሰያፍ ይቀዳደዳል፤ የገጹ ትእዛዝ ሲጠፋ ምስሉ እንደ ብራና ጥቅል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንከባለላል። በአሮጌ ቴሌቪዥን ጀርባ የነበሩት ሁለት ትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ ያም ሆኖ ብዙ ባለቤት ቴሌቪዥኑን በጥፊ መምታትን ይመርጥ ነበር።

እንዲህ የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ ግፊት አናሎግ ይባላል። ቃሉ አምሳያ ማለት ነው። በስቱዲዮው ብርሃኑ ከፍ ሲል ወይም ዝቅ ሲል ግፊቱም እርምጃ በእርምጃ ይከተለዋል፤ በመካከሉ ቁጥር የለም፣ ደረጃ የለም። ግፊቱ በራሱ በአየር ሊጓዝ ስለማይችል በማሠራጫው ውስጥ በተሸካሚ ሞገድ ላይ ይጫናል። ጭነቱ የሚጫነው የሞገዱን ብርታት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ሞገዱ በሙሉ ኀይሉ የሚወጣው ነጭ ሲታይ ሳይሆን የትእዛዙ ምት ሲመጣ ነው፤ ለጥቁር ከሙሉ ኀይሉ ሦስት አራተኛ ያህል፣ ለነጭ ደግሞ ከዐሥር እጅ አንድ ያህል ይሰጣል። ይህ የተገለበጠ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። ከሁሉ የሚያስፈልገው ትእዛዝ ብርቱውን ኀይል ያገኛል። ደግሞም የመኪና ሞተር ብልጭታ ወይም የመብረቅ ጠባሳ ወደ ሞገዱ ሲገባ ብርታቱን ስለሚጨምረው በምስሉ ላይ የሚታየው ዐይን የሚያውክ ነጭ ነጥብ ሳይሆን ጥቁር ነጥብ ይሆናል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያሠራጩበት ባለ 405 መስመሩ ሥርዐት ግን ነጩን በብርቱ፣ ጥቁሩን በደካማ ሞገድ ይልክ ስለ ነበር መኪና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ላይ ነጭ ብልጭታ ይረጭ ነበር።

ድምፁ ደግሞ ለብቻው ይጓዛል። የድምፁ ሞገድ ከምስሉ ሞገድ በ5.5 ሚሊዮን ሄርትዝ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የሚጫነውም በብርታቱ ላይ ሳይሆን በድግግሞሹ ላይ ነው። ምስሉ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ምክንያት ይኸው ነው።

ምስል ስፍራ ይፈልጋል። የምስሉ ግፊት በሴኮንድ እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ይህን በመስመሩ ጊዜ ብታሰሉት በ52 ሚሊዮንኛ ውስጥ 260 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ምልልስ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነጥብ ስለሚሆን በአንድ መስመር ላይ 520 ነጥቦች ይለያሉ ማለት ነው። ለዚህ ሲባል አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የ7 ወይም የ8 ሚሊዮን ሄርትዝ ስፋት ይይዛል። በዚህ ስፋት ውስጥ ከ700 በላይ የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ ጣቢያዎችን መደርደር ይቻላል። እንዲህ ያለ ስፋት የሚገኘው ከፍተኛ ድግግሞሽ ባላቸው ሞገዶች ዘንድ ነው፤ እነርሱም እንደ አጭር ሞገድ ራዲዮ ከሰማይ ነጥረው ባሕር አይሻገሩም። ከሞላ ጎደል እንደ ብርሃን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። 100 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ ተነሥተው በሜዳ ላይ ወደ 41 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ፤ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ከፍታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተራራ ለቴሌቪዥን ወዳጅም ጠላትም ነው። ማማው በራሱ ላይ ሲተከል ወዳጅ ይሆናል፤ በማማውና በመንደሩ መካከል ሲቆም ግን መንደሩን ያስጨልማል። እንደ ኢትዮጵያ ባለ ተራራማ አገር ሞገዱን ከጫፍ ጫፍ እየተቀባበሉ የሚያደርሱ ማማዎች ያስፈለጉት ለዚህ ነው።

ተራራው ወይም ትልቅ ሕንፃ ሞገዱን መልሶ ሲያንፀባርቅ ሌላ ነገር ይታያል። አንቴናው አንዱን ሞገድ ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ አንደኛው በቀጥታ፣ ሁለተኛው ዞሮ ይመጣል። የዘገየው ሞገድ ከዋናው ምስል በስተቀኝ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ምስል ይጽፋል። የመስተዋቱ ስፋት 52 ሴንቲሜትር ቢሆን ጨረሩ በሴኮንድ ሚሊዮንኛ አንድ ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ሞገዱ በዚያችው ጊዜ 300 ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ሁለተኛው ምስል ከዋናው በ3 ሴንቲሜትር ርቆ ቢታይ ሞገዱ 900 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ዞሮ መጥቷል ማለት ነው። በቤታችሁ ተቀምጣችሁ በማስመሪያ የመልክዓ ምድር ልኬት ታደርጋላችሁ።

በመቀበያው ውስጥ ሥራው ሁሉ በግልባጭ ይሠራል። አንቴናው የያዘው እጅግ ደካማ ግፊት ይጎለብታል፤ ተሸካሚው ሞገድ ይጣላል፤ ምስሉ፣ ድምፁና ትእዛዙ ይለያያሉ። አየሩ በተመጠጠለት ትልቅ ብርጭቆ ጀርባ ያለው መድፍ ኤሌክትሮኖችን ወደ መስተዋቱ ይተኩሳል። የመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ኤሌክትሮን ሲነካው በሚያበራ ዱቄት ተቀብቷል። በብርጭቆው አንገት ላይ የተጠቀለሉት ሽቦዎች በማግኔት ኀይል ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይመሩታል፤ የምስሉ ግፊት ደግሞ የጨረሩን ብርታት ይወስናል። በአንድ ቅጽበት የምትበራው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ሙሉ ምስል አየን የምንለው ዱቄቱ ትንሽ ስለሚቆይና ዐይናችን ደግሞ ስለማይረሳ ነው።

የቀለም ነገር ሲመጣ ችግሩ የጥበብ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ሆነ። በየቤቱ የጥቁርና ነጭ መቀበያ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ተቀምጧል። አዲሱ ሥርጭት አሮጌውን መሣሪያ የሚያስጥል ቢሆን ባለቤቱ ምን ይበል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸደቀው የመጀመሪያ የቀለም ሥርዐት ከነበሩት መቀበያዎች ጋር የማይስማማ ስለ ነበር ሥርጭቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የጸደቀው፣ አሮጌውን መሣሪያ አክብሮ የተሠራ ነው። ካሜራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ለየብቻ ያያል። ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 እጅ ተወስዶ ከመቶ ይደመራል፤ ድምሩ የጥቁርና ነጩ ምስል ነው። ድርሻዎቹ የተለያዩት የሰው ዐይን ለሦስቱ ቀለማት ያለው ስሜት እኩል ስላልሆነ ነው። የቀለሙ ዜና በሌላ ረዳት ሞገድ ላይ ተጭኖ በምስሉ ሞገድ መስመሮች መካከል ባለው ክፍተት ይሸጎጣል። አሮጌው መሣሪያ ድምሩን ያነባል፣ ረዳቱን ቸል ይላል፤ አዲሱ ሁለቱንም ያነባል።

ሆኖም የአሜሪካው ሥርዐት አንድ ሕመም ነበረበት። ረዳቱ ሞገድ በመንገድ ላይ ትንሽ ሲዛባ ቀለሙ ይለወጥና የሰው ፊት አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ቫልተር ብሩክ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ለዚህ ያገኘው መድኀኒት «ፓል» ተባለ። ነገሩን በሚዛን እናስበው። የተዛባ ሚዛን ያለው ነጋዴ ቡናውን በቀኝ በኩል አድርጎ ሲመዝን ይበዛል እንበል። ያንኑ ቡና በግራ በኩል አድርጎ ቢመዝነው ይጎድላል። የሁለቱን አማካይ ቢወስድ ሚዛኑ ሳይጠገን እውነተኛው ክብደት ይገኛል። በፓል ሥርዐትም የቀለሙ ምልክት አንዱ ክፍል በየመስመሩ እየተገለበጠ ይላካል። በአንዱ መስመር ስሕተቱ ወደ ቀይ ቢያዘነብል በቀጣዩ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፤ መቀበያው የሁለቱን መስመሮች አማካይ ሲወስድ ስሕተቱ ይሻራል። የሚቀረው ጉድለት ቀለሙ ጥቂት መደብዘዙ ብቻ ነው። ምዕራብ ጀርመንና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥርጭቱን ጀመሩበት፤ ፈረንሳይ በዚያው ዓመት «ሴካም» የተባለውን የራሷን መንገድ ያዘች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ቀለም ሲሻገር የያዘው ፓልን ነው።

አናሎግ የሆነ ነገር ጠባዩ ይህ ነው፤ በመንገድ የደረሰበት ሁሉ በምስሉ ላይ ይታያል። ማማው ሲርቅ ምስሉ ቀስ በቀስ በረዶ ይለብሳል እንጂ ባንድ ጊዜ አይጠፋም። ጣቢያ በሌለበት መስመር ላይ ከሚታየው ነጠብጣብ አብዛኛው ከመቀበያው ከራሱና በዙሪያው ካሉ መሣሪያዎች ይመጣል፤ ጥቂቱ ግን ከፍጥረተ ዓለም መነሻ ዘመን የቀረ፣ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ያስታወቁት ጨረር ነው። በዲጂታል ሥርጭት ምስሉ በቁጥር ስለሚላክ ስሕተቱን በስሌት ማረም ይቻላል፤ ምስሉ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ይቆራረጥና ፈጽሞ ይጠፋል። አንድ አናሎግ ጣቢያ በያዘው ስፋት ውስጥም ብዙ ዲጂታል ጣቢያዎች ይገባሉ። በዚህ ምክንያት ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሜሪካ ለታላላቅ ጣቢያዎቿ በ2009፣ ብሪታንያ በ2012 አናሎግ ማሠራጫዎቻቸውን ዘጉ።

ስለ ምንባቡ አጻጻፍ

በምንባቡ ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ምሳሌዎች አሉ፤ ትልም፣ የቃል ጽሕፈትና ሚዛን። ሦስቱም አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ምሳሌ ከማይታወቅ ነገር ቢመጣ አንዱን ጨለማ በሌላ ጨለማ መተርጐም ይሆናል። ከዚህም በላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የትልሙ ምሳሌ የት ላይ እንደማይሠራ ምንባቡ ራሱ ተናግሯል። ምሳሌ የሚስማማበትን ብቻ ነግሮ የማይስማማበትን መደበቅ አንባቢን ያሳስታል፤ ገበሬውን ያየ ተማሪ ጨረሩም እየተመላለሰ የሚጽፍ ይመስለዋልና። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ ምሳሌዎች ጠንካራው የቃል ጽሕፈት ነው፤ መስመሩንም፣ ትእዛዙንም፣ ትእዛዙ የማይጻፍ መሆኑንም ባንድነት ይሸከማልና። እናንተ ሌላውን ብትመርጡ ምክንያታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

ሰዋስው፤ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

አሠራርን በሚገልጥ ድርሰት ተደራጊ ግሥ ይበዛል። «ይላካል፣ ይለወጣል፣ ይጫናል፣ ይለያያሉ» የሚሉትን ተመልከቱ። በኀላፊ ጊዜ ተደራጊው በ«ተ» ይታወቃል፤ ለወጠ፣ ተለወጠ፤ ጫነ፣ ተጫነ። በትንቢት ጊዜ ግን «ተ» ከጽሕፈቱ ይጠፋና የግሡ መጀመሪያ ፊደል ይጠብቃል። «ማይክሮፎኑ ድምፁን ይለውጣል» ስንል አድራጊ፣ «ድምፁ ይለወጣል» ስንል ተደራጊ ነው። «ው» ወደ «ወ» መለወጡን፣ «ለ»ም ጠብቆ መነበቡን ልብ በሉ።

ይሁን እንጂ በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። «ተቀበለ» እና «ተጓዘ» ለዚህ ማስረጃ ናቸው፤ «ቀበለ» ወይም «ጓዘ» የሚል አድራጊ ግሥ የላቸውም። ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉት በዚህ ነው። «ሞገዱ ይላካል፤ ቀጥሎም ይቀበላል» ብሎ የጻፈ ሰው ሞገዱ ራሱ ሌላ ነገር የሚቀበል አስመስሏል። ትክክሉ «ሞገዱ ይላካል፤ ቀጥሎም አንቴናው ይቀበለዋል» የሚለው ነው። ተደራጊ ግሥ ሲደጋገም ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ይጠፋል። ስለዚህ በየሦስት ወይም በየአራት ዐረፍተ ነገሩ አድራጊውን በስሙ ጥሩት።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ድምፅን በአንድ ሽቦ መላክ ሲቻል ምስልን እንደዚያው ለመላክ ያስቸገረው ምንድን ነው?
2. የመስመሮቹ ቁጥር 625 በመሆን ፈንታ 624 ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስ ነበር?
3. የ«አዲስ መስመር» ምልክት ከጥቁር በታች የተደረገው ለምንድን ነው?
4. በ52 ሴንቲሜትር መስተዋት ላይ ሁለተኛው ምስል ከዋናው በ5 ሴንቲሜትር ርቆ ታየ። ሞገዱ ምን ያህል ሜትር ተጨማሪ መንገድ ሄዷል?
5. የቶልማን ምስክርነት ስለ መስማትና ስለ ማስረዳት ምን ያሳያል? ከግማሽ ገጽ ሳይበልጥ ጻፉ።

ለ. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አድራጊው ተደራጊ፣ ተደራጊውም አድራጊ እንዲሆን አድርጋችሁ ጻፉ። አድራጊው ያልተጠቀሰ ከሆነ ከምንባቡ ፈልጋችሁ ጨምሩ።

1. መድፉ ኤሌክትሮኖችን ወደ መስተዋቱ ይተኩሳል።
2. ጨረሩ በማግኔት ኀይል ይመራል።
3. ተራራው ሞገዱን መልሶ ያንፀባርቃል።
4. የሁለቱ መስመሮች አማካይ ይወሰዳል።

ሐ. ከዚህ በታች ያለው አንቀጽ በአንድ ተማሪ የተጻፈ ነው እንበል። ስሕተቱን ለይታችሁ እንደገና ጻፉት። «ምስሉ በካሜራ ይነሣል። ከዚያ ይለወጣል። ከዚያ ይጫናል። ከዚያ ይቀበላል። ከዚያ ይታያል።»

መ. ድርሰት። ዋናው ሥራ በዐይን የማይታይበት አንድ ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ እርሾ ሊጥን እንዴት እንደሚያቦካ፣ ክትባት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል፣ ወይም ስልክ ድምፅን እንዴት እንደሚያደርስ። በሁለት ገጽ አስረዱ። ቢያንስ አንድ ምሳሌ አምጡ፤ ምሳሌው የማይስማማበትንም ቦታ ተናገሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስለ ነገሩ ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ ደብተራችሁን ከዘጋችሁ በኋላም የሰማውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የተሳሳተበት ስፍራ ካለ ያን አንቀጽ እንደገና ጻፉ።